ንጹሕ ወፍ

ሰማይ ወፍን ሲሠራ ቸኩሎ ነበር። ጭራውን ማስረዘም ሲገባው አሳጠረ፣ ቅጠሉን ማለምለም ሲገባው አጠወለገ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከወፉ ጀርባ የማይረባ ኮተት አጭቆ ሥራውን በይድረስ ይድረስ ጥሎት ሄደ። ይህ የተደረሰበት ከታይፔ ርቃ በምትገኘው በእኛ ከተማ ነው። ታላቁ ግኝት የተገኘው በባህል አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከአዛውንቶች የዘፈን ክፍል ቀጥሎ ባለው በር፣ ዘወትር ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በሚሰጠው «የወፍ ፎቶግራፍ ማሳመር፦ የጀማሪዎች ክፍል» ውስጥ ነው። ጀማሪዎቹ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። በዕድሜ ትንሹ ስድሳ አንድ ዓመቱ ሲሆን «ልጁ» እየተባለ ሻይ ይቀዳ ነበር።

ክፍሉን የሚመሩት ርዕሰ መምህር ዮው ናቸው። ጡረታ ከወጡ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ነገር ግን በእኛ አገር ሹመት እንደ ቆዳ ነው፤ ባለቤቱ ካልሞተ አይገፈፍም። ሚስታቸው ሳይቀሩ ማታ ማታ «ርዕሰ መምህር፣ ሾርባው በረደ» ይሏቸዋል እየተባለ ይወራል። ሌንሳቸው መድፍ ያክላል፤ የሚጓጓዝበት የራሱ ጋሪ አለው። እኔና እሳቸው ልጆች ሳለን አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የምንቀመጠው። እሳቸው የክፍሉ አለቃ ነበሩ። ያኔ ትምህርት ቤት ውስጥ በቤቱ ቋንቋ ያወራ ልጅ ስሙ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ጸሐፊው እሳቸው ናቸው። የእኔን ስም ሠላሳ ሰባት ጊዜ ጽፈውታል። ቂም አልያዝኩም። ቁጥሩን የማስታውሰው ቁጥር ስለማይጠፋኝ ብቻ ነው።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ሥራ ገባሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የኩሬያችንን አራተኛ የውሃ መዝጊያ ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ። ይህ ዕውቀት የማይጠይቅ ሥራ ነው ይባላል። አንድ ቀን እንኳ ሳልከፍተው ብውል የታች ሰፈር ሩዝ ይደርቅ እንደነበር እውነት ነው፤ ሩዝ ግን የምስክር ወረቀት አይሰጥም።

አሁን ወፍ ማሳመር ለምን እንዳስፈለገ ልናገር። በከተማችን ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው በየማለዳው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በስልኩ ለሚያውቃቸው ሁሉ የወፍ ፎቶ ይልካል። ፎቶው ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «መልካም ማለዳ፣ ጤና ይስጥልን» ወይም «ትዕግሥት ያለው ሁሉ አለው» ተብሎ ይጻፋል። ሳይልክ የቀረ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣችው እህት ሱ-ዩን ስልኳ ባልዲ ውስጥ ወድቆባት ሁለት ቀን ጸጥ ብትል፣ ሦስት ሰዎች ፍራፍሬ ይዘው ለለቅሶ መጥተው በሩን የከፈተችላቸው እሷው ራሷ ነበረች። ፍራፍሬውን ግን መልሰው አልወሰዱትም፤ ደግ ሰዎች ናቸው።

በስልክ ግሩፓችን ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አለ። ርዕሰ መምህሩ ወፍ ሲልኩ ሁለት መቶ ዘጠና አውራ ጣት ይነሳል። እኔ ወፍ ስልክ ሁለት ይነሳል። አንዱ የእህት ሱ-ዩን ነው፤ እሷ ለሁሉም ታነሳለች። ሌላው የእኔ ነው። ስለዚህ ተመዘገብኩ።

ወፉ የሚኖረው በኩሬያችን ነው። ኩሬው ላይ እንደ ጎሽ ራስ ሁለት ቀንድ ያለው ጥቁር የውሃ ለውዝ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ወፉ በዚህ ቅጠል ላይ ሳይሰጥም ይራመዳል። ጣቶቹ ከእግሩ ይረዝማሉ፣ በሐምሌ ጭራው ከመላ አካሉ ይበልጣል። ርዕሰ መምህሩ «የማዕበል ልዕልት» ይሉታል። ለውዙን የምታለማው አ-ኪም ደግሞ «ያ ጭራ ጎታች» ትለዋለች። አ-ኪም ባሏ ከሞተ ወዲህ ኩሬውን በኪራይ ብቻዋን ይዛለች። ፊቷን ባበባ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሰፊ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ገንዳ ውስጥ ተቀምጣ ስትለቅም ትውላለች። ማክሰኞ ማክሰኞ የተቀቀለ ለውዝ ይዛ አዳራሹ ደጃፍ ትሸጣለች።

በመጀመሪያው ማክሰኞ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ፎቶ ይዘን ቀረብን። የእኔ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ወጣ። ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆሙ።

«ሺያው፣ ይሄ ምንድነው?»

«ወፍ ነው፣ ርዕሰ መምህር። ወንዱ። አራት እንቁላል ታቅፎ ነው።»

«እሱን አላልኩም። ይቺ ከኋላ ያለችው።»

«አ-ኪም ናት። ለውዝ እየለቀመች ነው።»

«አ-ኪም ወፍ ናት?»

ክፍሉ ሳቀ።

«አይደለችም።»

«ታዲያ የወፍ ፎቶ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ኩሬው እኮ የሷ ነው። ወፉ ነው እሷ ዘንድ የመጣው።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ ክፍሉ ዞሩ። «አያችሁ፣ ጀማሪ የሚባለው ይሄ ነው። ያየውን ሁሉ ያነሳል።»

ከዚያ በኋላ የማጥፊያውን ብሩሽ አስተማሩኝ። ጣትን ምስሉ ላይ አድርጎ ማሸት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። መጀመሪያ ባርኔጣዋ ሄደ፣ ቀጥሎ ክንዷ፣ ከዚያ ገንዳው። አርባ ዓመት የማውቃት ሴት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ውሃ ሆነች። እውነቱን ለመናገር በጣም የተሳካ ነበር።

«ይሄ ቀይ ነገርስ?»

«መዝጊያው ነው። የእኔ። አራት ቁጥር የተጻፈበት።»

«አጥፋው።»

አጠፋሁት። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ከአ-ኪም ፈጥኖ ጠፋ።

በዚህ ሁኔታ ትምህርቱ በታቀደለት መርሐ ግብር መሠረት ቀጠለ። ቅጠሉ ጠቆር ካለ አረንጓዴ ይደረጋል። ሰማዩ ከደመነ ሰማያዊ ይደረጋል። የዚህ ወፍ እንቁላል እንደ ጭቃ ቡናማ ነው፤ እህት ሱ-ዩን ግን የቆሸሸ መስሏት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣ አራቱንም ነጭ አደረገቻቸው፣ ተጨበጨበላትም። አንዱ ጀማሪ ወፉን ከኩሬ አንስቶ ያበበ የፕለም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አስቀመጠው። እነዚያ ረጃጅም ጣቶች ቅርንጫፍ ጨብጠው አያውቁም። ርዕሰ መምህሩ «ክብሩን ያገኘው ዛሬ ነው» አሉ።

ሌላው መመሪያቸው ስለ አሮጌው ፎቶ ነው። «ሸሚዝ ከታጠበ በኋላ እድፉን በሣጥን የሚያስቀምጥ ሰው አይታችኋል?» አሉ። አላየንም። ስለዚህ አንድ ፎቶ ባማረ ቁጥር ያልተነካውን ከኮምፒውተርም ከስልክም ማጥፋት የክፍሉ ደንብ ሆነ። ሊቅ ሲናገር ማስታወሻ መያዝ ደግ ነው፤ ሁላችንም ጻፍነው።

የዘመኑ ታላቅ ሥራ ግን የራሳቸው የርዕሰ መምህሩ ነበር። ያንን ጎጆ ላይ የተቀመጠውን ወንድ ወፍ ፎቶ አንስተው «የእናት ፍቅር» የሚል ርዕስ ሰጡት። አ-ኪም ለውዟን ልታካፍለን ገብታ ቆማ አየችው።

«ወንዱ ነው እኮ እሱ» አለች። «ሴቷማ እንቁላሏን ጥላለት ሌላ ባል ጋ ሄዳለች። ዘንድሮ ይሄ ሦስተኛ ባሏ ነው።»

«አክስት አ-ኪም፣ ይሄ በአደባባይ የሚሰቀል ፎቶ ነው።»

«እና ቢሰቀል?»

«በሥነ ምግባር በኩል ስናየው የታቀፈችው እናት ናት።»

«ወንድ ነው አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ። በየቀኑ አየዋለሁ።»

«ለጊዜው» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሌላ ፎቶ አንዲት ሴት ወፍ ተቆርጣ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቤተሰቡ ተሟላ። አንገቷ ላይ ብቻ ብርሃኑ ያረፈው በተቃራኒው በኩል ነበር፤ ፀሐይ ከሁለቱም በኩል የወጣች ይመስል ነበር። እሑድ ማለዳ ሲላክ ሦስት መቶ አራት አውራ ጣት ተነሳ። የቀሩት ስምንት ሰዎች ሆስፒታል መሆናቸው በኋላ ተጣርቶ ታወቀ።

በመስከረም የኩሬው ፓምፕ ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ኩሬው በሙሉ በፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሊሸፈን ነው። ተቃውሞ ያለው ያቅርብ፤ በተለይም በሕግ የተጠበቀ ወፍ በዚህ ኩሬ ጎጆ ሠርቶ እንደሚፈለፍል በማስረጃ ከተረጋገጠ ሥራው ይቆማል ይላል። ጭራ ጎታቹ በሕግ የተጠበቀ ነው። አ-ኪም ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

ከዚያ ማክሰኞ ለውዝ ሳትይዝ ወደ ክፍሉ ገባች።

«ፎቶ አላችሁ አይደል?» አለች።

«አሥራ አንድ ሺህ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ይበቃል?»

«አክስት አ-ኪም፣ አንቺ ለውዝሽን ቀቅይ። ይሄ የባህል ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ተይው።»

«ልቀቅል እንጂ» አለች። «እኔ እንደሆነ ሌላ የምሄድበት ውሃ የለኝም። የአማቴ እናት የለቀመችበት ነው። እዚያ ስገባ ጉልበቴ አያመኝም፤ መሬት ላይ ነው የሚያመኝ።»

ርዕሰ መምህሩ በጣም ተነኩ። ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ተቃውሞ እንዲቀርብ፣ ማስረጃውን የምታየው የመንግሥት መርማሪ ስትመጣም የአርባ ሁለት ፎቶዎች ዐውደ ርእይ በአዳራሹ እንዲዘጋጅ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። «እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል» አሉ፤ «ስለዚህ እስካሁን በቸልታ ያለፍነው ካለ፣ አሁን ይጽዳ።» እኛም ጠረግን። ቅጠል የቀረበት ፎቶ ቅጠሉ ተነሳለት፣ የውሃ ጠብታ የቀረበት ጠብታው ደረቀለት። ያንን ወር እንዲህ በትጋት የሠራ ሌላ ክፍል በአውራጃው አልነበረም።

እኔ በበኩሌ ያቺኑ አንዷን ፎቶዬን ስድስት ጊዜ አቅርቤ ስድስት ጊዜ ተመልሳብኝ ነበር። ከጀርባ የቤተ መቅደሱ ጣሪያ ጫፍ ቀርቷል ተባልኩ፤ አጠፋሁ። የአ-ኪም ገንዳ ያስነሳው ሞገድ ቀርቷል ተባልኩ፤ አሸሁት። በጥቅምት ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ለሰባተኛ ጊዜ፣ ከወፉና ከእንቁላሉ በቀር ምንም የሌለበት፣ ጀርባው እንደ ሳህን ነጭ የሆነ ፎቶ አቀረብኩ።

ርዕሰ መምህሩ ወደ ግድግዳው ቀርበው ነጩን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ «ሺያው» አሉ፣ «አሁን ገና ገባህ። ይሄ መግቢያው ላይ ይሰቀላል።» አጨበጨቡ። ክፍሉም አብሮ አጨበጨበ።

ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዕድሜው ለጭብጨባ እንባ አይመጣበትም ነበር። እኔ ግን ቂም የሌለብኝ ሰው ስለሆንኩ መጣብኝ። ቤቴ ገብቼ እድፉን፣ ያልተነካችውን ፎቶዬን፣ ከኮምፒውተር አጠፋሁ፣ ከስልክም አጠፋሁ። ከዚያም የጠፉ ነገሮች ተጠራቅመው የሚቆዩበት ቦታ እንዳለ ስለተማርን፣ ጎበዝ ተማሪ ነኝና፣ እሱንም ባዶ አደረግኩት።

መርማሪዋ ወይዘሪት ዌን በኅዳር መጣች። የጎማ ቦቲ ተጫምታ ነበር። በቀጥታ ኩሬውን ማየት ፈለገች፤ በኅዳር ግን ለውዙ ተለቅሞ፣ ቅጠሉ ተነስቶ፣ ውሃው ጎድሎ ጭቃ ብቻ ነው የሚቀረው። ወፎቹም ወደ ሌላ ማሳ ሄደዋል፤ እስከሚቀጥለው ዓመት አይመለሱም። ውሳኔው ደግሞ ከወሩ መጨረሻ አያልፍም። «ችግር የለም» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ «ሁሉንም አዳራሽ ውስጥ አዘጋጅተንልሻል።» ቦቲውን በር ላይ አስወልቀው፣ የእንግዳ ነጠላ ጫማ ሰጥተው አስገቧት። አ-ኪም በልብሷ ጫፍ እጇን እየጠረገች ከኋላ ገባች።

ወይዘሪት ዌን አንዱ ፎቶ ፊት ቆመች። «በጣም ያምራል። የት ነው የተነሳው?»

«ኩሬው ላይ ነዋ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ኩሬው የቱ ጋ ነው?»

ርዕሰ መምህሩ ቀረብ ብለው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ። «ከወፉ ሥር ነበር።»

«አሁንስ?»

«ጸድቷል።»

ጻፈች። ወደ «የእናት ፍቅር» አለፈች። «ሴቷና ወንዱ አንድ ጎጆ ላይ? እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ሴቷ ከየት መጣች?»

«ከሌላ ፎቶ» አለች እህት ሱ-ዩን። አርባ ዓመት ፖስታ ቤት የሠራ ሰው ከየት መጣ ሲባል ዝም ማለት አይችልም።

«እንቁላሉስ? ነጭ ነው።»

«ቆሽሾ ነበር» አለች እህት ሱ-ዩን። «አጠብኩት።»

ወይዘሪት ዌን ይህንንም ጻፈችና ወደ ፕለሙ ፎቶ ሄደች። «ይሄ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ አይቀመጥም። ጣቱ አይጨብጥም።»

«የእኛዎቹ የተለዩ ናቸው» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«የተለዩ» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶዋን ስታነሳ ድምጿ ቀነሰ። «ርዕሰ መምህር፣ ልረዳችሁ ፈልጌ ነው የምጠይቀው። ያልተነካውን ማየት እችላለሁ? አንድ ብትሆን ይበቃኛል። ጎጆውና ኩሬው አብረው የሚታዩበት።»

«ወይዘሪት፣ እኛ የተማርን ሰዎች ነን። ያልታጠበ ነገር ለእንግዳ አናሳይም።»

ያኔ ነው አ-ኪም ከኋላ የመጣችው። «ሺያው፣ ያንተ አለ አይደል? እኔ ያለሁበት። ገንዳዬ ውስጥ ሆኜ። ያቺ ቀይ አራት ቁጥርም ትታያለች ብለህ አሳይተኸኝ አልነበር?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ርዕሰ መምህሩም ዞሩ፤ ቤት ሲቃጠል ሰው በር የሚያየው እንደዚያ ነው። በሕይወቴ እንዲህ ተፈልጌ አላውቅም።

«አለ» አልኩ።

«እሺ የታለ?» አለች ወይዘሪት ዌን። እስክሪብቶዋ ተዘጋጅቷል።

በእጄ መግቢያውን አሳየሁ። ሁሉም ሄደው ፊቱ ቆሙ። ወፍ፣ እንቁላል፣ ነጭ። አ-ኪም አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ቀርባ ራሷን ፈለገች። ቀኝ ጥግ አየች፣ ግራ ጥግ አየች።

«የታለሁ?» አለች።

«ግሩም አጠፋፍ ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ ቀስ ብለው፤ «ፈለጓ እንኳ አይታይም።» ሁለተኛ አድናቆታቸው ነበር።

የምርመራው ውጤት በሁለት ሳምንት ደረሰ። በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ ነው፦ «የፎቶግራፍ ክፍሉ ካቀረባቸው አርባ ሁለት ፎቶግራፎች ለመረዳት እንደተቻለው፣ ወፉ በነጭ ባዶ ቦታ፣ በአበባ ቅርንጫፍና በፀሐይ መጥለቂያ ውስጥ የሚኖር ሲሆን፣ ከተጠቀሰው ኩሬ ጋር ያለው ግንኙነት ሊረጋገጥ አልቻለም።» ርዕሰ መምህሩ ለክፍሉ በንባብ አሰሙ። «በፀሐይ መጥለቂያ ውስጥ የሚኖር» የሚለውን ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጸሐፊዋ የጥበብ ዓይን እንዳላት መሰከሩ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። የእኛ ይሻላል፤ ሞፈሩን ቆርጠን፣ ልጠን፣ በፍሬም አድርገን ነው የሰጠናቸው።

በየካቲት ኩሬው ተሸፈነ። ሰሌዳዎቹ የሚያብረቀርቁ፣ የተስተካከሉ፣ አንድ ኮተት የሌለባቸው ናቸው፤ ርዕሰ መምህሩ ሲያዩዋቸው ያለ ብሩሽ እንዲህ መጽዳቱ ገረማቸው። በምርቃቱ ዕለት ንግግር እንዲያደርጉ ተጋበዙ፤ ስለ ተፈጥሮ ፍቅር አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ድርጅቱም ለአካባቢው ባህል ያለውን አክብሮት ለመግለጽ፣ በኩሬው ዙሪያ ባቆመው አጥር ላይ የእኔን ወፍ አራት ሜትር አድርጎ አሳትሞ ለጠፈው። ከሥሩ «ፎቶ፦ የርዕሰ መምህር ዮው ክፍል» ይላል። ስሜ አለመጻፉ ምንም አይደለም። ስሜ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ስለነበር አልጎመጀሁም።

ወፎቹ በግንቦት ተመልሰው መጡ። ሁለት ቀን በሰሌዳዎቹ ላይ ዞሩና ሄዱ። ወፎቹን ፎቶ ሊያነሱ ከታይፔ በፈጣን ባቡር የመጡት ባለ ሌንሶች ሦስተኛ ቀን ቆይተው እነሱም ሄዱ።

አ-ኪም አሁን ከጎረቤት ከተማ የመጣ ለውዝ ገዝታ፣ ቀቅላ፣ በአጥሩ ሥር ትሸጣለች። ጃንጥላዋን የተከለችው ከወፉ በስተግራ ካለው ነጭ ባዶ ቦታ ፊት ለፊት ነው። ባለፈው ቅዳሜ አጠገቧ ተቀምጬ ለውዝ እየፈለፈልኩ ሳለ፣ ርዕሰ መምህሩ ጋሪያቸውን እየገፉ መጥተው ከመንገዱ ማዶ መድፉን አቆሙ። ትልቁን ወፍ ለማለዳ ሰላምታ ፎቶ ሊያነሱት ነው። ዓይናቸውን ካሜራው ላይ አድርገው እጃቸውን ወደ ጎን አወናጨፉ።

«ምን ይላል?» አለች አ-ኪም።

«ትንሽ ፈቀቅ በይ ነው የሚሉሽ።»

«እስከ የት?»

«ከፎቶው እስክትወጪ።»

አንድ ለውዝ በጥርሷ ሰበረች፤ ልጣጩን ተፋች፤ ጉልበቷን አሸት አሸት አድርጋ እንደተቀመጠች ቀረች።

«ምን ሲባል ነው የምነሳው?» አለች። «አጥፉኝ እንጂ። ተምራችሁ የለም?»

ተነስቼ መንገዱን ተሻገርኩ። የርዕሰ መምህሩ ዓይን እየደከመ ስለሆነ አሁን ብሩሹን የምይዘው እኔ ነኝ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ።